ልብሽ ደህና ነው፤ ታዲያ ያ ሁሉ ድንጋጤ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ታክሲ ውስጥ ሳለሁ በድንገት ልቤ ድው ድው ይላል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ እጄ ይደነዝዛል፤ የምሞት ይመስለኛል። ድንገተኛ ክፍል ሄጄ ልብሽ ደህና ነው ተባልኩ። ሁለት ወር ሆነኝ፣ ታክሲ መሳፈር ትቻለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ የነገርሽን «ፓኒክ አታክ» ከምንለው ጋር ይገጥማል። «ደህና ነሽ» መባልሽ አስመሳይ ነሽ ማለት አይደለም። አደጋ ሳይኖር ሰውነት አድሬናሊን ይረጫል፤ ልብ ይፈጥናል። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሺ በደምሽ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ጣትሽን የሚነዝርሽ፣ የሚያዞርሽም በዚሁ ነው። አየር ያነሰሽ ሲመስልሽ የምትተነፍሺው ከሚበቃሽ በላይ ነው! ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ደርሶ ይበርዳል።

አንዴ የደረሰበት ሁሉ በሽተኛ አይባልም። ሳይታሰብ ሲመላለስ፣ «መቼ ይመጣብኝ ይሆን» የሚለው ስጋት ወይም ሽሽቱ 1 ወርና ከዚያ በላይ ሲዘልቅ ግን ፓኒክ ዲስኦርደር እንለዋለን። እኔን ያሳሰበኝ ታክሲውን መተውሽ ነው፤ ዛሬ ታክሲ፣ ነገ ገበያ፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን እያለ ቤት ያስቀራል።

በአጭር መንገድ ጀምሪ። ሲመጣብሽ «ወራጅ አለ» ብለሽ አትውረጂ፤ ትንፋሽሽን በቀስታ፣ ረዘም አድርገሽ አስወጪ። ቡናውን ከአቦል አታሳልፊው። የታይሮይድ ምርመራም አድርጊ። የንግግር ሕክምና በደንብ ይሠራል፤ እንደ ሰርትራሊን ያለ መድኃኒት ከታዘዘልሽ ሳምንታት ታገሺው። ከጎረቤት የሚዋሱትን ዲያዜፓም ግን እንዳትነኪው፤ ሱስ ያስይዛል። ጠበሉንም የሚከለክልሽ የለም፣ ሕክምናውን ሳታቋርጪ።