ጽዋውን ያልተቀበለው ወጣት፦ የፌሪ ታሮት እንዴት ይነበባል?

የፌሪ ታሮት፣ ማለትም ፌሪ የሚባሉት የተረት ፍጡራን የተሣሉበት የታሮት ካርታ፣ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ሥዕሉ ስለማረከው ነው። ክንፍ ያላቸው ልጃገረዶች፣ ጤዛ ያዘለ ቅጠል፣ እንጉዳይ ሥር የተሸሸገ ጢማም ሽማግሌ፤ ለዓይን የሚያስጠላ ነገር የለውም። ችግሩ የሚመጣው ሦስት ካርታ መዝዞ ጠረጴዛ ላይ ሲደረድር ነው። ሦስቱም ያምራሉ፤ ሦስቱም ይመሳሰላሉ፤ ምን እንደሚሉ ግን አይታወቅም። ከዚያ አብራ የመጣችውን ትንሽ መጽሐፍ ገልጦ የተጻፈለትን ያነባል፤ ብዙም ሳይቆይ ይሰለቸውና ካርታው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ይህ የሚሆነው ሰውየው ተሰጥኦ ስለሌለው አይመስለኝም። የፌሪ ታሮት ሁለት የተለያዩ ውርሶች የተገናኙበት ነገር ነው፤ አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ግማሹን ብቻ ያያል።

የመጀመሪያው ውርስ ታሮት ራሱ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ በሰሜን ኢጣሊያ፣ በሚላኖና በፌራራ መሳፍንት ቤት መጫወቻ ሆኖ የተጀመረ ካርታ ነው። ከ300 ዓመት በላይ ሰዎች በዋናነት ሲጫወቱበት ኖረው፣ በ1781 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንቷን ኩር ደ ዤብለን የተባለ ፈረንሳዊ ምስሎቹ የጥንት ግብፅ ጥበብ ናቸው ብሎ ጻፈ። ማስረጃ አልነበረውም፤ ሐሳቡ ግን ተስፋፋ። ይህን ማንሣቴ ታሮት ሲባል ጠንቋይ ቤት ለሚታያቸው አንባቢዎች ብዬ ነው። እኔ ካርታ ነገን ያውቃል ብዬ አላምንም። ረጋ ተብሎ የታየ ሥዕል ግን ሰው ራሱን ያልጠየቀውን ጥያቄ እንዲጠይቅ ያደርገዋል፤ እዚህ የማስረዳውም ይህንኑ አስተያየት ነው።

ካርታዎቹ 78 ናቸው። 22ቱ ትልልቆቹ ሲሆኑ የቀሩት 56ቱ በአራት ወገን ይከፈላሉ፦ ጽዋ፣ ሰይፍ፣ በትርና ሳንቲም። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ የፌሪ ታሮቶች የሚከተሉት በ1909 ለንደን የታተመውን፣ አርተር ኤድዋርድ ዌይት ያቀደውንና ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሣለችውን ነው። ከልጅነቷ ከፊሉን ጃማይካ ያሳለፈችው ስሚዝ የዚያን አገር የአናንሲ ተረቶች በ1899 በመጽሐፍ አሳትማለች፤ ከለንደን የቴአትር ሰዎች ጋርም ሠርታለች። ከእሷ በፊት በነበሩት አብዛኞቹ ታሮቶች አምስት ጽዋ ማለት የተደረደሩ አምስት ጽዋዎች ብቻ ነበሩ። እሷ ግን በእያንዳንዱ ላይ ሰው አቆመችበት፤ አንድ ነገር ሲያደርግ አሳየችው። የፌሪ ሠዓሊዎቹ የሚሞሉት ይህን መድረክ ነው።

ሁለተኛው ውርስ የፌሪዎቹ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያልፈውም ይህንን ነው። የአየርላንድና የስኮትላንድ ገበሬ ፌሪ ሲል የአበባ ላይ ልጃገረድ ማለቱ አልነበረም። ክንፉን በኋላ የሰጧቸው ሠዓሊዎችና የቴአትር መድረክ ናቸው። ሰዎቹ ይፈሯቸው ስለነበር በቀጥታ ላለመጥራት «ደጎቹ ጎረቤቶች» ይሏቸው ነበር። ከእነሱ ጋር የመኖር ሕግም ነበረ። ምግባቸውን የቀመሰ፣ መጠጣቸውን የጠጣ እነሱ ዘንድ ይቀራል። የሰጡት ወርቅ ሲነጋ ደረቅ ቅጠል ሆኖ ይገኛል። ብረት ይሸሻሉ። በሰው ዓይን ላይ መጋረጃ ይጥላሉ፤ ዋሻው አዳራሽ መስሎ ይታያል። ጊዜያቸውም ከእኛ ጋር አይሄድም፤ የአየርላንዱ ኦሺን ጥቂት የቆየ መስሎት 300 ዓመት ከርሞ ተመለሰ፤ ከፈረሱ ወድቆ መሬት በነካው ቅጽበት ሽማግሌ ሆነ።

አሁን ሁለቱን እናገናኛቸው። አራት ጽዋን እንውሰድ። በስሚዝ ሥዕል አንድ ወጣት ዛፍ ሥር እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ፊቱ ሣር ላይ ሦስት ጽዋዎች ቆመዋል፤ ከደመና የወጣች እጅ አራተኛውን ትዘረጋለታለች። እሱ ዞር ብሎም አላየውም። የተለመደው ትርጉም መሰላቸት ነው፤ በረከት ቀርቦለት ልብ ያላለ ሰው። ይህንኑ ትዕይንት ፌሪዎች መሀል አስገቡትና እንደገና እዩት። ዛፍ ሥር ብቻውን ለተቀመጠ ሰው፣ ከማይታይ ሰው እጅ የሚዘረጋ መጠጥ! በተረቱ ሕግ ከሄድን ጽዋውን ያልተቀበለው ወጣት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስንፍና የተባለው ጥንቃቄ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ የቱ ነው ትክክል? ይህን የሚወስነው መጽሐፉ ሳይሆን ሠዓሊው ነው። ጽዋውን የያዘው ማን ነው? ፊቱ ይታያል ወይስ ተሸፍኗል? ጽዋው ውስጥ ምን አለ? የተቀመጠው ሰው ነቅቷል ወይስ ፈዟል? ሠዓሊው ሰጪውን የሚያዋራ፣ ዓይኑን የማያሸሽ አድርጎ ከሣለው የድሮው ትርጉም ይጸናል። አጊጦ ከኋላው አንድ ነገር የደበቀ ከሆነ ግን የተረቱ ሕግ ይቀድማል። የፌሪ ሠዓሊ ቁም ነገሩን ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጠው ጥግ ላይ፣ ሥር ውስጥ፣ ቅጠል ጀርባ ነው፤ መሀል ያለችው ቆንጆ ዓይን ለመያዝ የቆመች ናት። ስለዚህ ካርታውን ከዳር ወደ መሀል እዩት።

ሰይፎቹ የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ብረት የሚሸሹ ፍጡራን ሰይፍ ይዘው ሲታዩ መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔ በፌሪ ታሮት ውስጥ ሰይፍን የሰው ወገን አድርጌ ነው የማነበው፦ መጋረጃውን የሚቀድ ግልጽ ቃል፣ የተነገረ እምቢታ፣ የተሰመረ ድንበር። ሳንቲሞቹ ላይ ደግሞ «ሲነጋ ምን ይቀራል?» የሚለውን መጠየቅ ይበቃል።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። ፌሪ የተሣለበት ካርታ ሁሉ ታሮት አይደለም። ከአለን ሊ ጋር በ1978 «ፌሪዎች» የተባለውን የሥዕል መጽሐፍ ያወጣው ብሪያን ፍራውድ በ2000 ያሳተመው ካርታ አራቱ ወገኖች የሉትም፤ ኦራክል የሚባለው ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ ካርታ ራሱን የቻለ ገጸ ባሕርይ ነው። በአንጻሩ የስቴፋኒ ፑይ ሙን ሎው «ሻዶውስኬፕስ» በውሃ ቀለም የተሣለ ሆኖ 78ቱን ሥርዓት ይጠብቃል። ቁጥሩንና ወገኖቹን ሳያረጋግጡ የታሮትን ትርጉም ኦራክል ላይ መጫን ድካም ብቻ ነው።

ከካርታው ጋር ለመላመድ የምመክረው መንገድ ቀላል ግን ዘገምተኛ ነው። በቀን አንድ ካርታ ምዘዙ። ምን ማለት ነው ሳትሉ ያያችሁትን ብቻ በደብተር ጻፉ፦ እጅ የት ነው፣ ዓይን ወዴት ያያል፣ እግር መሬት ነክቷል ወይ። ከዚያ የስሚዝን ካርታ አጠገቡ አስቀምጡና ሠዓሊው ምን እንደተወ፣ ምን እንደጨመረ ተመልከቱ። ትርጉሙ ያለው በዚያ ልዩነት ውስጥ ነው። መመሪያ መጽሐፏ የምትከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አንድ ንባብ እናስብ። ከአገር ውጭ ሥራ የቀረበላት ሴት «ልሂድ ወይ?» ብላ አራት ጽዋ፣ ሁለት ሰይፍና አሥር ሳንቲም ወጣላት እንበል። በተለመደው አነባበብ ዕድል ቀርቦልሻል፣ መወሰን ፈርተሻል፣ ብልጽግና ይጠብቅሻል ይሆናል፤ ደስ ይላል፣ ግን የምታውቀው ላይ የጨመረላት ነገር የለም። በፌሪዎቹ በኩል ስናየው ጽዋው የሰጪውን ማንነት ያስጠይቃል። ዓይኗን ሸፍና ሁለት ሰይፍ ያጣመረችው ሴት የፈራች ላትሆን ትችላለች፤ ዓይን በሚታለልበት አገር ዓይኗን ዘግታ ብረቷን ይዛለች። አሥሩ ሳንቲም ክፍያው ሲነጋ ሳንቲም ሆኖ ይገኝ እንደሆነ ይጠይቃል። ሦስቱም ሂጂ ወይም ቅሪ አላሏትም። ጥያቄዋ ግን ተቀይሯል፦ ቀጣሪው ማን ነው፣ ውሉ ላይ ያልተጻፈው ምንድን ነው፣ መመለስ ብፈልግ ፓስፖርቴ በማን እጅ ይሆናል?