በተቀዳ አጃቢ ሙዚቃ መዝሙር ስለ መለማመድ

በጌዶ መዘምራን መዝሙር ሲያጠኑ ስልክ ከፍተው የዘማሪው ድምፅ በሌለበት፣ መሣሪያው ብቻ በተቀዳበት ሙዚቃ መለማመድን ለምደዋል። ይህ ልማድ ምን ያህል ሊረዳን፣ ከየት ጀምሮስ ሊጎዳን እንደሚችል ከካቴኪስቶች ጋር ለመመልከት ወደድን።

ነገሩ ፈጽሞ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950 በኒውዮርክ የተቋቋመው «ሚውዚክ ማይነስ ዋን» አንድ መሣሪያ የጎደለበት ሸክላ እያሳተመ፣ ተማሪው የጎደለውን በራሱ እንዲሞላ ያደርግ ነበር። ዛሬ በውጭ አገር አንዳንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለአባሎቻቸው ሙዚቃን በኢንተርኔት ያስደምጣሉ። በእኛ ዘንድ የቤተ መጻሕፍቱን ሥራ የሚሠራው የኢንተርኔት ጥቅል የገዛው ወጣት ነው፤ አንድ ጊዜ አውርዶ ለሌሎቹ በብሉቱዝ ያካፍላል።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ረገድ የተናገረችው አለ። ቅድስት መንበር እ.ኤ.አ. በ1958 ለላቲን ሥርዓት ባወጣችው መመሪያ፣ ግራሞፎንና ቴፕን የመሳሰሉት በአምልኮ ጊዜ በዘማሪው ፈንታ እንዳይገቡ፣ እርሱን ለመደገፍ እንኳ እንዳያገለግሉ ከልክላለች። ያው መመሪያ ግን ከአምልኮ ውጭ ትምህርተ ክርስቶስንና መዝሙርን ለማስተማር ፈቅዷቸዋል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1963 የምእመናንን ሙሉና ንቁ ተሳትፎ አጥብቆ ሲያሳስብ፣ የሚዘምረው ሕያው ሕዝብ መሆኑን ያስገነዝበናል።

በአንድ ክብረ በዓል የሆነውን እንናገር። መዘምራኑ ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝተው ሲዘምሩ በመሥዋዕቱ ጊዜ መብራት ጠፋ። ዝማሬው በመካከሉ ተቋረጠ። ከበሮው በዕቃ ቤት ተቆልፎበት ነበር፤ ቁልፉን የያዘውም ሰው አልነበረም። ምእመናኑ መዝሙሩን ከመዘምራኑ አፍ እንጂ በራሳቸው አንደበት ስላልለመዱት ሊያነሡት አልቻሉም። ወጣቶቹን አልወቀስንም። ለልምምድ የፈቀድነው ነገር ወደ ቅዳሴ ሲገባ አይተን ዝም ያልነው እኛው ነን።

በቅዱስ ያሬድ ትምህርት ተማሪው በዜማ ቤት ዜማውን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ ከበሮና ጸናጽል የሚመጡት ኋላ በአቋቋም ቤት ነው። እኛም ይህንኑ ቅደም ተከተል ብንይዝ ይበጃል። ካቴኪስቱ አስቀድሞ ቃሉን ከነትርጉሙ ያስረዳ፤ ዜማውን በአፉ ያስተምር፤ ስልኩ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ይሁን። በስቱዲዮ የተቀዳው ብዙ ጊዜ ለእናቶችና ለሽማግሌዎች ከፍ ይላልና፣ ሕዝቡ ሊከተለው ወደሚችለው ድምፅ ዝቅ ይደረግ። ደግሞም የተቀዳው ሙዚቃ አይጠብቅም፤ ካህኑ ዕጣን ሲያጥን ቢዘገይ እርሱ ጨርሶ ይቆማል። ከበሮ መቺው ግን ዐይኑን ወደ መንበረ ታቦቱ አድርጎ ዝማሬውን ያስረዝማል ወይም ያሳጥራል።

ከበዓል በፊት ያሉት ሁለት የልምምድ ቀኖች ስልኩ ተዘግቶ፣ በከበሮና በጭብጨባ ብቻ ይሁኑ፤ ጥቂት ምእመናንም ተጠርተው አብረው ይዘምሩ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍም በበዓሉ ዋዜማ ከመዘምራኑ ኃላፊ ዘንድ ይደር።