ስክሪን ላይ የሚወጣውን ወደ ፋይል ማዞር፦ የ«ፍሪኦፕን» አሠራር ደረጃ በደረጃ

የተማሪዎችን ውጤት ተቀብሎ ድምር፣ አማካይና ደረጃ የሚያወጣ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጻፋችሁ እንበል። ፕሮግራሙ አርባ ቦታ ላይ በ«ፕሪንትኤፍ» ያትማል፤ የሚያትመው ሁሉ ስክሪን ላይ ይወጣል። አሁን ግን ይህ የውጤት ዝርዝር (ሮስተሩ) በፋይል እንዲቀመጥ ተፈለገ። አርባውን መስመር አንድ በአንድ ማረም ይቻላል፤ ከመካከላቸው አንዱ ከተዘለለ ግን ሮስተሩ ጎዶሎ ይሆናል። «ፍሪኦፕን» የተባለው ፈንክሽን ይህን በአንድ መስመር ይፈጽማል። አዲሱን ፋይል ከመክፈቱ በፊት አሮጌውን መውጫ እንደሚዘጋ ያልተረዳ ሰው ግን ውጤቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

አንደኛ፦ ሦስቱን ስትሪሞች፣ ማለትም መረጃ የሚገባባቸውንና የሚወጣባቸውን መተላለፊያዎች፣ እንወቅ። የሲ ፕሮግራም ሥራ ሲጀምር ሦስት ስትሪሞች ተከፍተው ይጠብቁታል። «ኤስቲዲኢን» ግብዓት ይቀበላል፤ «ኤስቲዲአውት» ውጤት ያወጣል፤ «ኤስቲዲኤረር» የስህተት መልእክት ያወጣል። ዩኒክስና ሊኑክስ በቅደም ተከተል 0፣ 1 እና 2 የሚል ቁጥር ይሰጧቸዋል። «ፕሪንትኤፍ» ስለ ስክሪን የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚጽፈው ወደ «ኤስቲዲአውት» ነው። ገበሬ ውሃ ወደ ሌላ መደብ ሲመራ ምንጩን አይነካም፣ የቦዩን አፍ ያዞራል፤ እኛም የምናዞረው ስትሪሙን እንጂ አርባዎቹን መስመሮች አይደለም።

ሁለተኛ፦ ጥሪውን እንጻፍ። «ፍሪኦፕን» ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይቀበላል፦ የፋይሉን ስም፣ የአከፋፈቱን ዓይነት፣ የሚዞረውን ስትሪም። የአከፋፈቱ ዓይነት በፊደል ይገለጻል። «አር» ለማንበብ ይከፍታል። «ደብሊዩ» ለመጻፍ ይከፍታል፤ በዚያ ስም ፋይል ካለ ግን የቀድሞ ይዘቱን ያጠፋዋል። «ኤ» የነበረውን ሳይነካ ከመጨረሻው ላይ ይቀጥላል። ያለፈው ሴሚስተር ሮስተር በዚያው ስም ተቀምጦ ከሆነ በ«ደብሊዩ» እና በ«ኤ» መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሦስተኛ፦ በውስጡ የሚሆነውን እንከተል። ፈንክሽኑ በመጀመሪያ ስትሪሙ ተያይዞበት የነበረውን ፋይል ይዘጋል። ቀጥሎ አዲሱን ፋይል ለመክፈት ይሞክራል። ከተሳካለት ያንኑ ስትሪም ይመልሳል፤ ካልተሳካለት «ነል» የተባለውን ባዶ ምልክት ይመልሳል። እዚህ ላይ ቆም በሉ፦ አዲሱ ባይከፈትም አሮጌው ተዘግቷል። ወደ ስክሪን የሚወስደው መንገድ የለም፤ ፋይሉም የለም። ስለዚህ የተመለሰው «ነል» መሆን አለመሆኑን ሁልጊዜ መርምሩ። «ነል» ከሆነ ችግሩን የምትናገሩት በ«ፕሪንትኤፍ» ሳይሆን በ«ኤስቲዲኤረር» በኩል ነው፤ እርሱ አልተነካምና።

አራተኛ፦ ግብዓትንም ማዞር ይቻላል። ፕሮግራሙን በሞከራችሁ ቁጥር የክፍሉን ውጤት ሁሉ በኪቦርድ መልቀም አድካሚ ነው። ውጤቶቹን አንድ ጊዜ ፋይል ላይ ጻፉና «ኤስቲዲኢን»ን በ«አር» ወደዚያ አዙሩት። «ስካንኤፍ» ምንም ሳይለወጥ ከፋይሉ ያነባል።

አምስተኛ፦ በፈሩን፣ ማለትም ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበትን ጊዜያዊ ማከማቻ፣ አትርሱ። «ኤስቲዲአውት» ከተርሚናል ጋር ሲገናኝ አብዛኛውን ጊዜ መስመር ባለቀ ቁጥር ጽሑፉን ያወጣል። ከፋይል ጋር ሲገናኝ ግን በፈሩ እስኪሞላ ያከማቻል። ፕሮግራሙ መሀል ላይ ከወደቀ የመጨረሻዎቹ ተማሪዎች ፋይሉ ውስጥ ላይገኙ ይችላሉ። መጥፋት የሌለበት ነገር ከታተመ በኋላ በበፈሩ ያለውን ወዲያው የሚያወጣውን «ኤፍፍለሽ»ን ጥሩ።

ስድስተኛ፦ መመለሻውን አስቀድመን እናስብ። የሲ ስታንዳርድ ስትሪሙን ወደ ቀድሞው ቦታ የሚመልስ ፈንክሽን የለውም። በዩኒክስና በሊኑክስ ግን መንገድ አለ። ከማዞራችሁ በፊት «ኤፍፍለሽ»ን ጥሩ፤ ከዚያም በ«ዱፕ» የቁጥር 1ን፣ ማለትም የ«ኤስቲዲአውት»ን፣ ቅጂ ያዙ። የፋይሉ ሥራ ሲያልቅ እንደገና «ኤፍፍለሽ»ን ጥሩና በ«ዱፕ2» ቅጂውን ወደ ቦታው መልሱ፤ በመጨረሻም ቅጂውን ዝጉ። ሁለተኛውን «ኤፍፍለሽ» ከዘለላችሁ ለፋይሉ የታሰበው ጽሑፍ ስክሪን ላይ ሊወጣ ይችላል።

እንግዲህ መቼ እንጠቀምበት? ተጽፎ ያለቀ ፕሮግራም ውጤቱ ሁሉ ወደ አንድ ፋይል እንዲሄድና እንዳይመለስ ሲፈለግ «ፍሪኦፕን» ተገቢ ነው። አንዴ ወደ ፋይል፣ አንዴ ወደ ስክሪን የሚል አዲስ ፕሮግራም ስትጽፉ ግን ፋይሉን በ«ኤፍኦፕን» ክፈቱና በ«ኤፍፕሪንትኤፍ» ጻፉበት፤ ስክሪኑ እንደተከፈተ ይቆያል፣ መመለሻም አያስፈልግም።

አሁን እናንተ ሞክሩ። በመጀመሪያ በሌለ ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል ስም ስጡትና ፕሮግራማችሁ ስህተቱን በ«ኤስቲዲኤረር» መናገሩን አረጋግጡ። ይህን ሳታዩ የተማሪዎችን እውነተኛ ውጤት አታስገቡበት።