የባሮ ዋናተኛ በደጋ ሐይቅ፦ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ከመጥለቅ በፊት

ጋምቤላ ያደገ ልጅ ውኃ አይፈራም ይባላል። ባሮ ዳር ያደገ ሰው አዞን ይጠነቀቃል እንጂ ቅዝቃዜን አያስብም። አዞውን መጠንቀቁስ ትክክል ነው፤ በ1958 ዓ.ም. አንድ የውጭ አገር በጎ ፈቃደኛ እዚሁ ባሮ ውስጥ ሲዋኝ በአዞ ተበልቷል። ይሁን እንጂ ደጋ ላይ ሌላ አደጋ አለ።

ዓምና ከጓደኞቼ ጋር ወደ አንድ የደጋ ሐይቅ ሄደን ነበር። ከመካከላችን ባሮን ያለ ችግር የሚያቋርጥ፣ «ከእኔ በላይ ለአሳር» የሚል ልጅ ነበር። ልብሱን አውልቆ ዘሎ ገባ። ወዲያው ማለክለክ ጀመረ፣ እጁም አልታዘዝ አለው። ገመድ የያዘ ሰው ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ልጁ ዋና ያውቃል፤ ያላወቀው ቅዝቃዜን ነው። ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈችኝም ያቺ ቀን ናት።

ሀ. ውኃ ሙቀታችንን እንዴት ይወስዳል?

ውኃ ከአየር 25 ጊዜ ያህል የበለጠ ሙቀት ያስተላልፋል። ስለዚህ በ15 ዲግሪ አየር ውስጥ በሹራብ የሚቀመጥ ሰው በ15 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ብዙ አይቆይም። በመጀመሪያዎቹ 1 እስከ 3 ደቂቃዎች ትንፋሽ ይቆራረጣል፤ ያን ጊዜ አፍ ከውኃ በታች ከሆነ ውኃ ይገባል። ቀጥሎ እጅና እግር ይደነዝዛሉ። የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ አእምሮም ይደክማል።

ለ. ልብስና መሣሪያ

በስኩባ የሚጠልቅ ሰው የሚለብሰው ወፍራም የጎማ ልብስ በውስጡ ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ስላሉት ሙቀትን ይይዛል። ጥልቀት ሲጨምር ግን አረፋዎቹ ስለሚጨመቁ ልብሱ ይሳሳል። በጣም በቀዘቀዘ ውኃ ጨርሶ ውኃ የማያስገባ ልብስ፣ የራስ መሸፈኛና ጓንት ያስፈልጋሉ። ከጋን የሚወጣ አየር ሲስፋፋ ስለሚቀዘቅዝ ሬጉሌተር የሚባለው የአየር መቆጣጠሪያ በረዶ ሊይዝ ይችላል፤ ለቀዝቃዛ ውኃ የተሠራውን መምረጥ ይገባል። «አረቄ ያሞቃል» የሚሉትንም አትስሙ። አረቄ ደምን ወደ ቆዳ ስለሚያመጣ ሙቀትን ቶሎ ያስወጣል።

ሐ. የከፍታ ነገር

እዚህ ላይ በክፍል የተማርነው የቦይል ሕግ ይመጣል። ጋምቤላ ከባሕር ወለል 526 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ 0.94 አትሞስፌር ያህል ነው። የወንጪ ሐይቅ ግን 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ ግፊቱ ወደ 0.70 ይወርዳል። 10 ሜትር ውኃ 0.97 አትሞስፌር ይጨምራል እንበል።

በጋምቤላ፦ (0.94 + 0.97) ÷ 0.94 = 2.03
በወንጪ፦ (0.70 + 0.97) ÷ 0.70 = 2.39

ከ10 ሜትር የሚወጣ አንድ ሊትር አየር እዚህ ወደ 2 ሊትር፣ ወንጪ ላይ ወደ 2.4 ሊትር ያድጋል ማለት ነው። ስለዚህ ጠላቂው ትንፋሹን ሳይይዝ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። ለባሕር ወለል የተሰላውን የመጥለቂያ ሰንጠረዥ እንዳለ መጠቀምም አይችልም። ከወጣ በኋላ በዚያው ቀን ወደ ተራራው ጫፍ መውጣት ደግሞ በደሙ ውስጥ የቀረውን ናይትሮጅን አረፋ ሊያደርገው ይችላል። ከጋምቤላ በአውቶቡስ ወደ ጎሬ መውጣትም ያው ነው።

መ. ከመሄዳችን በፊት

1. ከሠለጠነ አስተማሪ ሳይማሩ የስኩባ መሣሪያ አለመሸከም።
2. ብቻን አለመግባት፤ ዳር ላይም ገመድ የያዘ ሰው ማቆም።
3. ዘሎ አለመግባት፤ ቀስ ብሎ ገብቶ ትንፋሽ እስኪረጋጋ መጠበቅ።
4. ደረቅ ልብስ፣ ብርድ ልብስና ትኩስ ሻይ ማዘጋጀት።
5. መንቀጥቀጥ ሲጀምር «ትንሽ ልቆይ» ሳይሉ መውጣት።

ጓደኛችን ዛሬም ባሮ ዳር አለ፤ አሁን ግን ወደ ደጋ ስንሄድ ገመዱን የሚይዘው እሱ ነው። በሉ እንግዲህ፣ ለሽርሽር የምትወጡ ሁሉ በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ተመለሱ።