ልጅዎ ስልኩን ደብቆ እንዳያለቅስ፦ ለሄሉ ወላጆች ማሳሰቢያ

በኬንያዋ ሞያሌ የሚኖር የሄሉ ሰው ስለ ድንበር አስተማሪ አያስፈልገውም። ልጁ ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ ለዘመድ ጥየቃ ሲሻገር ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ የት እንደሚያድር፣ መቼ እንደሚመለስ ሳይጠይቅ አይለቀውም። የማያውቀው ሰው መንገድ ዳር ልጅ ሲያናግር ካየም «አንተ የማን ዘመድ ነህ?» ብሎ ያፋጥጣል። ያው ልጅ ማታ ፍራሹ ላይ ተጋድሞ አይቶት ከማያውቀው ሰው ጋር እስከ እኩለ ሌሊት ሲጻጻፍ ግን ጠያቂ የለውም። ዋትስአፕ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራም፣ ኢንስታግራም ሲባል ስሙን እንሰማለን፤ አንዱ ከሌላው በምን እንደሚለይ ስለማናውቅ «የልጆች ነገር ነው» ብለን እንተወዋለን።

ወላጅ ሁሉ የኮምፒውተር ባለሙያ ይሁን የሚል ሐሳብ የለኝም። ማወቅ ያለብን ጥቂት ነው። ከዚያ ጥቂት ውስጥ ደግሞ ትልቁ ልጁ መከራ የገጠመው ዕለት ስልኩን ይዞ ወደ እናቱ ወይም ወደ አባቱ እንዲሮጥ ማድረግ ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ለዚያ ቀን መዘጋጃ ነው።

ስልኩን ከመቀማታችሁ በፊት «እስቲ አሳየኝ» በሉ።

ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና የሚጠቀምባቸውን አንድ በአንድ ያሳያችሁ። ሲያስረዳችሁ አትቆጡ፤ ልጅ ወላጁን ማስተማር ያስደስተዋል። ዋትስአፕ የሚሠራው በስልክ ቁጥር ስለሆነ ልጃችሁ የገባበት ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቁጥሩን ያያል፤ አንድ ግሩፕ ደግሞ ከ1,000 በላይ ሰው ይይዛል። ማን ግሩፕ ውስጥ ሊያስገባው እንደሚችል የሚወስን ማስተካከያ አለ፤ «የማውቃቸው ብቻ» የሚለው ላይ አድርጉት። ቴሌግራም ላይ ግሩፑ እስከ 200,000 ሰው ሊደርስ ይችላል፤ ቁጥርን መደበቅ ስለሚቻል ግን የምታናግረው ሰው ማን እንደሆነ አታውቅም። የእናንተንም ልጅ ቁጥር በዚያው መንገድ ደብቁት። ቲክቶክ ከሁለቱም ይለያል። ልጁ አንድም ወዳጅ ባይኖረው የሚያየውን እየመረጠ የሚያቀርብለት ራሱ ኩባንያው ነው፤ አንድ ነገር ላይ ትንሽ ከቆየ ያንኑ ዓይነት ደጋግሞ ያመጣለታል። ስለዚህ ልጃችሁ ምን ላይ እንደሚቆይ ማወቅ ብትፈልጉ ቲክቶኩን አብራችሁት አሥር ደቂቃ ብታዩ ይበቃችኋል።

የሞላውን የትውልድ ዓመት ተመልከቱ።

ይህን ማንም ልብ አይለውም፤ እኔ ግን ከሁሉም በፊት እንዲጣራ የምፈልገው ይህን ነው። ቲክቶክና ኢንስታግራም ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይፈቀዱም። ዕድሜው ከ13 በላይ ለሆነውም ኩባንያዎቹ ወደውም ሆነ ተገደው ያበጁት ከለላ አለ። ቲክቶክ ላይ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የግል መልእክት መላላክ አይችልም፣ አካውንቱም ገና ሲከፈት ለማያውቁት ሰዎች ዝግ ነው። ላይቭ (ቀጥታ ሥርጭት) መክፈት የሚችለው 18 ዓመት የሞላው ብቻ ነው። ኢንስታግራምም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ ለወጣቶች የተለየ አካውንት አምጥቷል፤ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከለላውን ላላ ላድርገው ቢል የወላጅ ፈቃድ ይጠየቃል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ልጁ በሞላው ዓመት ነው። ዋሽቶ ከሞላ ኩባንያው እንደ አዋቂ ይቆጥረዋል፤ ከለላው ሁሉ ይነሳል።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሳይዋሹም መሳሳት አለ። ከማዶ የመጣ ልጅ የልደት ካርዱ ላይ ያለው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በ2003 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ 2003 ብሎ ቢሞላ በኩባንያዎቹ አቆጣጠር ከዕድሜው ሰባት ስምንት ዓመት ጨመረ ማለት ነው። በዚህ ዓይነት የ13 ዓመት ልጅ በአንድ ጊዜ የ20 ወይም የ21 ዓመት ጎረምሳ ይሆናል። አካውንቱ በተሳሳተ ዓመት ተከፍቶ ከሆነ ዘግታችሁ በትክክለኛው ቀን አዲስ ክፈቱለት። ተከታዮቼ ጠፉ ብሎ ቢያኮርፍ ያኩርፍ።

ቲክቶክ የወላጅንና የልጅን አካውንት የሚያገናኝ «ፋሚሊ ፔሪንግ» የሚባል ነገርም አለው። የራሳችሁን አካውንት ከፍታችሁ ከልጁ ጋር ካገናኛችሁ የሚቆይበትን ሰዓት መወሰን ትችላላችሁ። ልጁ ሳያውቅ በስውር የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ይህም ጥሩ ጎኑ ነው።

ላይቭ ላይ ለሚሰጥ ስጦታ አትደሰቱ።

አበባ፣ አንበሳ እየተባለ በላይቭ የሚላከው ስጦታ ወደ ገንዘብ ይቀየራል። ልጅ ገንዘብ ይዞ ሲመጣ «ጎበዝ» ከማለታችሁ በፊት ማን እንደላከው፣ ምን አድርጎ እንዳገኘው ጠይቁ። ቢቢሲ በመጋቢት 2025 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ባደረገው ምርመራ ኬንያ ውስጥ 15 ዓመት የሆናቸው ልጆች ጭምር በቲክቶክ ላይቭ ለወሲብ ገበያ ሲቀርቡ እንደነበር አሳይቷል። ቲክቶክ ራሱ ከላይቭ ስጦታዎች 70 በመቶ ገደማ እንደሚወስድ ዘገባው ጨምሮ ገልጿል። ኩባንያው እንዲህ ያለውን ብዝበዛ እንደማይታገሥ ለቢቢሲ ተናግሯል። ይናገር፤ የእኛ ድርሻ የልጃችንን ላይቭ መዝጋት ነው።

ልጁ ራሱ ሲነግራችሁ አትምቱት፤ ስልኩንም አትቀሙት።

ነገሩ የሚጀምረው እንዲህ ነው። አንዲት ቆንጆ ልጅ፣ ቢያንስ ፎቶዋ እንደዚያ የሆነ፣ ለወንድ ልጃችሁ ትጽፍለታለች። ወይም አንድ ወጣት ለሴት ልጃችሁ። በሳምንት ውስጥ ፍቅር ይሆናል፣ ፎቶ ይለዋወጣሉ፣ ከዚያ ልብስ ያልለበሱበት ፎቶ ይጠየቃል። ልጁ ከላከ በኋላ ያቺ «ቆንጆ» ጠባይዋ ይለወጣል፦ «ዛሬ ማታ ይህን ያህል ሺሊንግ በኤምፔሳ ካልላክህ ለአባትህ፣ ለመምህርህ፣ ለመስጊድህ ሰዎች ሁሉ እልከዋለሁ።» የጓደኞቹንና የዘመዶቹን ስም ከፌስቡኩ ቀድማ ቀድታ ይዛለች። በሌላው ጫፍ ያለው ብዙ ጊዜ ሴትም ልጅም አይደለም።

ያ ልጅ በዚያች ሌሊት የሚፈራው ከአጭበርባሪው ይልቅ አባቱን ነው። የልጆች መብት ድርጅቱ ኢክፓት፣ ኢንተርፖልና ዩኒሴፍ በኬንያም በኢትዮጵያም ባደረጉት ጥናት በኢንተርኔት ጥቃት ከደረሰባቸው ልጆች ብዙዎቹ ለማንም አለመናገራቸው ታይቷል። አጥቂው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጁ አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ሩቅ አገር ያለ ሌባ አድርጋችሁ አታስቡት። ስለዚህ ዛሬ፣ ምንም ሳይከሰት፣ ለልጃችሁ በግልጽ እንዲህ በሉት፦ «እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስብህ አልመታህም። ስልኩንም አልወስድብህም። ብቻ ና ንገረኝ።» ያላችሁትንም ጠብቁ። አንድ ቀን ቃላችሁን ካፈረሳችሁ ሁለተኛ አይነግራችሁም።

ነገሩ ከደረሰ በኋላ ገንዘብ አትክፈሉ፤ የከፈለ ሰው እንደገና ክፈል ይባላል። ንግግሩንም አትሰርዙ። የአካውንቱን ስም፣ ስልክ ቁጥሩን፣ የኤምፔሳ መልእክቱን አስቀምጡ። ፎቶውን ግን ለማስረጃ ብላችሁ እንኳ ለወንድም ለአጎት አትላኩ፤ የልጅ ፎቶ ነውና መላኩ ራሱ ወንጀል ነው። በኬንያ እ.ኤ.አ. የ2018ቱ የኮምፒውተርና የሳይበር ወንጀሎች ሕግ፣ በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይህን ይቀጣሉ። ከዚያ ከኬንያ መስመር ወደ 116 ደውሉ፤ የልጆች የእርዳታ መስመር ነው፣ ሂሳብ አያስከፍልም። «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነጻ አገልግሎትም አለ። ፎቶው ከስልኩ ሳይወጣ መለያ ቁጥር ብቻ ተወስዶ፣ በአገልግሎቱ የተሳተፉት ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ሌሎችም ያንን ፎቶ እንዲያግዱት ይረዳል።

በመታወቂያችሁ ስንት ሲም እንዳለ እወቁ።

ለልጅ የሚወጣው መስመር በወላጅ ስም ነው የሚመዘገበው። በዚያ መስመር ስድብ ቢጻፍ፣ ሰው ቢታለል፣ የሚጠራው የእናንተ ስም ነው። በሳፋሪኮም *106# ብትደውሉ በመታወቂያችሁ የተመዘገበውን ሁሉ ያሳያችኋል። የማታውቁት ቁጥር ካለ ወደ ሱቃቸው ሂዱ። ልጁ ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም ሁለቱንም ከያዘ በየትኛው ቁጥር የትኛውን አካውንት እንደከፈተ ጠይቁት፤ የድንበር ልጅ ሁለት ሲም፣ ሁለት ስም፣ ሁለት ፊት ሊኖረው ይችላል።

በስልክ የመጣ ሥራ እውነት ነው ብላችሁ ልጅ አትሸኙ።

ሞያሌ ደላላን ታውቃለች። ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ወጣት በዚህ በኩል ነው የሚያልፈው። መጋቢት 24 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰው ታፍኖ ሞቶ ሲገኝ፣ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ነው የተነገረው። የድሮው ደላላ ቤት ለቤት ይዞር ነበር። ዛሬ በቴሌግራምና በፌስቡክ ማስታወቂያ ይለጥፋል። አሁን ደግሞ መዳረሻው ሩቅ ምሥራቅ ሆኗል፤ «ታይላንድ፣ የኮምፒውተር ሥራ፣ በዶላር» ይባላል። የካቲት 2025 (እ.ኤ.አ.) ከምያንማር የማጭበርበሪያ ግቢዎች ወጥተው ለታይላንድ ጦር የተሰጡት የመጀመሪያዎቹ 260 ሰዎች ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ኬንያውያንም ነበሩበት። ሥራ ብለው ሄደው ሌላውን ሰው በስልክ እንዲያታልሉ የተገደዱ ናቸው። ፊት ለፊት ያላያችሁት አሠሪ፣ ፓስፖርት «ለጊዜው» የሚጠይቅ፣ የትኬት ዋጋ የሚሸፍን ከሆነ በሩን ዝጉ።

የሰውን ፎቶና ሰፈር አታሰራጩ። ይህ ለልጆቻችሁ ብቻ አይደለም።

በዚህ ነገር ከልጆቻችን ይልቅ እኛ እንብሳለን። ምንጩ የማይታወቅ ድምፅ ይመጣልናል፣ «እገሌ እንዲህ አደረገ» ይላል፣ ሳንሰማው ለአሥር ግሩፕ እንልከዋለን። እ.ኤ.አ. በ2018 ከማዶ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሸሽቶ ወደዚህ ሲሻገር ያየ ሰው አንድ የሐሰት ወሬ እዚህ ከተማ ውስጥ ምን ሊያመጣ እንደሚችል አይነገረውም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መአረግ አማረ በኅዳር 2021 (እ.ኤ.አ.) ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ፎቷቸውና የሚኖሩበት ሰፈር በፌስቡክ ተለጥፎ ነበር። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሱ ደጋግሞ ሪፖርት ቢያደርግም በጊዜ አልተነሱም ሲል ናይሮቢ ባለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በ2022 ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም በሚያዝያ 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ሪፖርት አድርጉ፣ ግን ሪፖርቱ ብቻ ይበቃል ብላችሁ አትቀመጡ፤ የሰፈር ሽማግሌንም ፖሊስንም አሳውቁ።

ጥቂት አጫጭር ነገሮች ደግሞ፦

ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር በመልእክት መጥቶ «ላክልኝ» የሚላችሁ ቢኖር፣ ዘመድም ቢሆን አትስጡ፤ ዋትስአፓችሁን ሊሰርቅ ነው።

የኤምፔሳ ፒናችሁን ልጅ አይወቀው።

ልጃችሁን በዩኒፎርም፣ የትምህርት ቤቱ ስም እየታየ ፎቶ አንስታችሁ አትለጥፉ።

የኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ (ኬሲኤስኢ) ፈተና በቴሌግራም ይሸጣል ከተባላችሁ ገንዘባችሁን አትጣሉ። ኬንያ በ2023ም በ2024ም (እ.ኤ.አ.) በፈተና ወቅት ቴሌግራምን ያዘጋችው በዚሁ ሰበብ ነው።

ማታ ስልኩ ከልጁ ፍራሽ ሥር አይደር። የእናንተም ስልክ ከልጁ ስልክ አጠገብ ይቀመጥ፣ አለዚያ አይሰማችሁም።

116ን ዛሬውኑ በስልካችሁ መዝግቡ። ይህን ማሳሰቢያ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁም በቦረንኛ፣ በቡርጂኛ ወይም በሶማሊኛ ንገሯቸው።