የእንጨት ጠራቢው ጾም

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ገደማ ዧንግዚ የሚባል ሊቅ በቻይና አገር ይኖር ነበር። በስሙ በተጠራው መጽሐፍ ውስጥ ይህ ታሪክ ይገኛል።

ሉ በሚባል ግዛት ችንግ የተባለ እንጨት ጠራቢ ነበረ። ደወል የሚሰቀልበትን የእንጨት መቆሚያ በሠራ ጊዜ ያየው ሰው ሁሉ፥ የሰው እጅ ሥራ ስላልመሰለው ይደነቅ ነበር። የግዛቱም ገዥ አይቶ፥ «ይህን የሠራህበት ጥበብ ምንድር ነው?» ሲል ጠየቀው።

ችንግም እንዲህ ሲል መለሰ፤ «እኔ ሠራተኛ ነኝ፤ ምን ጥበብ አለኝ? ነገር ግን ሥራ ከመጀመሬ በፊት ልቤ እንዲረጋ እጾማለሁ። ሦስት ቀን ስጾም ሽልማትንና ሹመትን አላስብም። አምስት ቀን ስጾም ምስጋናንና ነቀፋን እረሳለሁ። ሰባት ቀን ስጾም ሰውነቴን እንኳ እረሳለሁ፤ ቤተ መንግሥቱም ከሐሳቤ ይጠፋል። በዚያን ጊዜ ወደ ዱር ገብቼ ዛፎቹን እመለከታለሁ። ለሥራው የሚስማማውን ባገኝ እጄን አነሣለሁ፤ ባላገኝ ግን እተወዋለሁ።»

እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ለማየት ቻይና ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በሆሳዕና ገበያ እንስራውን፥ ጀበናውንና ምጣዱን የሚመለከት ሰው ያገኘዋል። በሐዲያና በከምባታ አገር ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ቆፍራ ታመጣለች፤ ጠጠሩንና ሥራ ሥሩን ለቅማ ታወጣለች፤ አቡክታ በእጇ ታበጀዋለች። ከዚያም ቀስ ብሎ እስኪደርቅ ጠብቃ በእሳት ትተኵሰዋለች። ጭቃውን ሳታጠራ፥ ወይም ሳይደርቅ ብትተኵሰው፥ ዕቃው በእሳት ውስጥ ይሰነጠቃል። ገበያተኛን ማታለል ይቻል ይሆናል፤ እሳትን ግን ማታለል አይቻልም።

ሆኖም ሸክላ ሠሪዎች፥ ቆዳ ፋቂዎችና ብረት ቀጥቃጮች ብዙ ዘመን የተናቁ ነበሩ። ሰዎች ከእነርሱ ጋር አብረው አይበሉም፥ አይጋቡምም ነበር። በምጣዱ የተጋገረውን ቆጮ እየበሉ፥ ምጣዱን የሠራችውን ሴት ግን ከደጅ ያስቀምጧት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ የእጅ ሠራተኛን መስደብ ከለከሉ፤ ነገር ግን ንቀት ከልብ የሚወጣ ስለ ሆነ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም።

ሸክላ ሠሪዋ፥ «ለሚንቁኝ ሰዎች ስለ ምን አሳምሬ እሠራለሁ?» ብላ ጠጠር ያለበትን ጭቃ ብታበጅ ኖሮ ማን ይመልሳት ነበር? እርስዋ ግን ጠጠሩን መልቀም አልተወችም። ችንግ ምስጋናንና ነቀፋን ይረሳ ዘንድ አምስት ቀን ጾመ፤ እርስዋ ግን ምስጋና ሳታገኝ ዕድሜዋን ሁሉ ሠራች።

ልጆች ሆይ፥ መምህር ስላየው ብቻ አሳምሮ የሚጽፍ ተማሪ፥ መምህሩ ዘወር ባለ ጊዜ ጽሕፈቱን ያበላሻል። ሥራውን የሚወድ ግን ማንም ባያየው አጣርቶ ይሠራል። ደግሞም በሰው እጅ ሥራ የሚጠቀም፥ የሠራውን ሰው ከደጁ አያስቀምጥ።