የመርሳት በሽታ ያለባቸውን አረጋውያን ለምትንከባከቡ

የመርሳት በሽታ «ጃጅተዋል» ተብሎ የሚታለፍ የእርጅና ጣጣ አይደለም፤ አንጎልን የሚጎዳ ሕመም ነው። በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህ በሽታ አለባቸው። ባሕር ዳር ውስጥ ሕሙማኑን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታምሙት ቤተሰብና የቤት ሠራተኛ ናቸው። ቁጣቸውን፣ ጥርጣሬያቸውንና እንቢታቸውን ለማብረድ መጀመሪያ ምን እንደቀሰቀሰው ፈልጉ።

ድንገተኛ ለውጥ፦ ትናንት ደኅና የነበሩ ሰው ዛሬ መቃዠት ወይም መፍዘዝ ከጀመሩ «ባሰባቸው» ብላችሁ አትቀመጡ። የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ የውኃ እጥረት ሊሆን ይችላል። ጣና ዳር ወባ ስላለ ትኩሳት ካላቸው ደማቸው ይመርመር። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ስትወስዷቸው የሚውጡትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉት መድኃኒቶች መደናገርን ያባብሳሉ። ጾም ካዳከማቸው ደግሞ ስለ መጾማቸው የንስሐ አባታቸውን አማክሩ።

ከቤት መውጣት፦ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኪዳን ሲያደርሱ የኖሩ እናት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነጠላቸውን ተከናንበው ከበሩ ቢታገሉ፣ ጉዟቸው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። «ገና ሌሊት ነው!» ብሎ መከራከር ያስቆጣቸዋል። «እማማ፣ አብሬዎት እሄዳለሁ፤ እስኪነጋ ጸሎትዎን ያድርሱ» በሏቸው፤ ሲነጋም ቃላችሁን ጠብቁ። ሐይቁና ዓባይ ቅርብ ናቸውና በሩ ላይ ቃጭል አንጠልጥሉ፤ ስልክ ቁጥራችሁን በልብሳቸው ላይ ስፉ፤ ለባለሱቁና ለሰፈሩ ባጃጅ ሾፌሮች ሁኔታቸውን ንገሩ። ከጠፉ ቶሎ ወደ ውኃው ዳር ሰው ላኩ።

«ሰረቅሽኝ»፦ ብራቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ፍራሽ ሥር ይደብቁና ይረሱታል፤ ከዚያም ሠራተኛዋን «ሰረቅሽኝ» ይሏታል። «አልወሰድኩም» ብሎ መሟገት ጠቡን ያከርረዋል። «ብር መጥፋቱ ያናድዳል፤ ኑ አብረን እንፈልገው» ማለት ይሻላል። አሠሪዎች ሆይ፣ በዚህ ክስ ብቻ ሠራተኛዋን አትወንጅሉ፤ መደበቂያ ቦታዎቹን አስቀድማችሁ እወቋቸው።

ገላ መታጠብ፦ እንቢታው ብዙ ጊዜ ከብርድና ከኀፍረት ይመጣል። ውኃውን አሙቁ፤ ገላቸውን በፎጣ ሸፍናችሁ ከእግራቸው ጀምሩ፤ የምታደርጉትን እየነገራችሁ እጠቡ። እንቢ ካሉ ተዉአቸውና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሞክሩ።

ማስታገሻ መድኃኒት፦ ሃሎፔሪዶልና መሰሎቹ የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ ለስትሮክና ለሞት የመጋለጥ አደጋን ይጨምራሉ። ራሳቸውን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዱ ሲደርሱ፣ ሐኪም አዝዞ፣ ለአጭር ጊዜ እየተከታተለ የሚሰጥ ነው እንጂ ከፋርማሲ ገዝቶ ማስዋጥ አይገባም። በገመድ ማሰርም ያቆስላል፣ ፍርሃታቸውንም ይጨምራል። ጠበል ስትወስዷቸው ደግሞ የታዘዘላቸውን መድኃኒት አታቋርጡ።

አንድ ደብተር ያዙና ምን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት፣ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ፣ ምን እንዳረጋጋቸው ጻፉ፤ ለሐኪሙም አሳዩት። ሸክሙ በአንዲት ልጅ ወይም በአንዲት ሠራተኛ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ወንድምና እኅት ተራ ግቡ፤ እንቅልፍ ያጣ አስታማሚ ትዕግሥት ሊኖረው አይችልም።